የጋሽ ሞገስ እግርና የመስታወቱ ክር

ጋሽ ሞገስ የእህታቸውን ልጅ ትዕምርትን ያገኟት ሳያስቡት ነው። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በጭሮ መናኸሪያ በር ሲያልፉ ከአዳማ የመጣ መኪና ተሳፋሪዎቹን እያወረደ ነበር። ልጅቱ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጉንጫቸውን ከሳመች በኋላ ዓይኗ እግራቸው ላይ ቀረ።

“ጋሼ፣ ቀኝ እግርዎን ይጎትታሉ እኮ! ምን ሆነው ነው?”

“እኔ? ምንም አላመመኝም።”

አልዋሹም። ጋሽ ሞገስ ሠላሳ ዓመት ሚኤሶ ላይ ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር ከያዛቸው ወዲህ ግን እግራቸው እየደነዘዘ ሄዶ ሕመም መሰማቱን ትቷል። እሳቸው ይህን ከጤና ቆጥረው፣ ለጥር ሥላሴ የአሰቦትን ገዳም ዳገት በባዶ እግራቸው ሊወጡ ተስለዋል።

ቤት ገብተው ምሳ ከተበላ በኋላ ትዕምርት ከሻንጣዋ ስስ ሰሌዳ አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችና ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”

“የመመረቂያ ሥራዬ ነው፣ ጋሼ። ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ፤ ፋይበር ይባላሉ። በየክሩ ውስጥ ሌዘር የሚባለው ብርሃን ይፈልቃል። ክሩን ሲጫኑት የብርሃኑ ቀለም ዓይን በማይለየው መጠን ይለወጣል። መሣሪያው ያችን ለውጥ ለክቶ የቱ ጋ ምን ያህል ጫና እንዳረፈ ይነግረናል።”

ጋሽ ሞገስ ሳቁ። “ብርሃን ጫና ሊያውቅ! ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?”

“እርስዎስ ጆሮዎን ሐዲዱ ላይ አድርገው ባቡሩ ሳይታይ መምጣቱን ያውቁ አልነበር? ብረቱ ይነግረኛል ይሉ ነበር። ይኼም መስታወት እንደዚያው ነው።”

ሐዲድ ከተነሳባቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙበት። ኮምፒውተሩ ላይ በወጣው የእግራቸው ቅርጽ፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው ሥር አንዲት ነጥብ ደም መስላ ቀላች።

“እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፣ ጋሼ።”

“ምንም የለም። መሣሪያሽ ተበላሽቶ ነው።”

አስተካክላ እንደገና አቆመቻቸው፤ ያው ቦታ ቀላ። አስፈቅዳ ካልሲያቸውን ስታወልቅ ጠጠር ሥጋቸው ውስጥ ተቀርቅሯል፤ ዙሪያውም ማመርቀዝ ጀምሯል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናዲስ ደረታቸውን ያዙ። “በስመ ሥላሴ! አንተ ሰውዬ፣ ይህን ይዘህ ነው የከረምከው?”

ጋሽ ሞገስ ጎንበስ ብለው ጠጠሩን አዩ። “እኔ እኮ አልተሰማኝም።”

“ችግሩ እሱ ነው፣ ጋሼ” አለች ትዕምርት፣ እግራቸውን ሳትለቅ። “የማያም እግር ሁሉ ደህና አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቁስል ችላ ከተባለ እግር ያስቆርጣል። የኔ መሣሪያ ገና ሙከራ ላይ ነው፣ በየቤቱ አይገኝም። ዓይን ግን አለን። በየቀኑ የእግርዎን መርገጫ ይዩ፤ ታጥበው በጣቶችዎ መሐል ያድርቁ፤ ጫማ ሳያጠልቁ ውስጡን ይዳብሱ። በባዶ እግር መሄድ ግን ቀርቷል።”

“ስለቴስ? ሥላሴን ልዋሽ?”

“ይህን እኔ አልመልስም” አለች ልጅቱ። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ የማያውቀው ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። “የንስሐ አባትዎን እንጠይቅ።”

በማግሥቱ ቁስሉ በሐኪም ተጠረገ። የንስሐ አባታቸውም ነገሩን ሰምተው፣ “ሥላሴ እግርህን አጥተህ ና አላሉህም። በጫማ ሂድ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ታወልቃለህ” ብለው አሰናበቷቸው።

ወይዘሮ አይናዲስ በየጠዋቱ የባላቸውን መርገጫ ወደ ብርሃን አዙረው ያዩ ጀመር። ሁለት ጊዜም ቁስል ከመሆኑ በፊት መላላጡን ደረሱበት። ጋሽ ሞገስ መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ግን ካላዩላቸው ያኮርፉ ነበር።

ለጥር ሥላሴ ሰፊ ጫማ አድርገው፣ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን እያረፉ ወጡ። ከቅዳሴ በኋላ የሐዲድ ባልደረባቸውን ታደሰን አገኙት።

“ስኳር እኔንም ይዞኛል” አለ ታደሰ። “ግን ተመስገን፣ እግሬ ደንዝዞልኝ ምንም አያመኝም።”

ጋሽ ሞገስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“ጫማህን አውልቅ።”

“ሐኪም ሆንክ እንዴ?”

“አልሆንኩም። ግን ሁለት እግር ይዤ እዚህ ወጥቻለሁ። በል፣ መርገጫህን ልይልህ” አሉና የጓደኛቸውን እግር አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።