በገዛ ስሟ ትሂድ

ሳልጠየቅ መምከር አመሌ ነው። መካነ ሰላም በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያስተማርኳቸው ሁሉ እየወጡ ሄደው እኔና የኪራይ ቤቴ ብቻ ቀርተናል። ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬ የማበዛው ለዚህ ይሆናል።

ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ሲያባርረኝ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ታዛ ሥር ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰላምታ ስሰጣቸው ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ። ክንፈ እንደምባልና ብየዳ እንደማስተምር ስነግራቸው ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ከፍ አደረጉኝ፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«እንግዲያ ልጄን ያሸፈቱብኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። «ደሳለው እባላለሁ፤ የሐረግ አባት።»

ሐረግ ከተማሪዎቼ ሁሉ እጇ የቀና ናት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ፋብሪካ በያጅ ቢያጣ ፈተናዋን አይቶ የሥራ ውል ልኮላታል። ለቪዛው ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ጽሕፈት ቤቱም አባት በሕይወት ካለ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ ብሏል። አያ ደሳለው ሦስት ጊዜ ተጠርተው ቀርተዋል። በአራተኛው መጡ፤ የመጡት ግን አልመሰክርም ለማለት ነው።

«ምነው አያ ደሳለው፣ የወለዷትን ልጅ አልወለድኩም ሊሉ ነው?» አልኳቸው።

«ወልጃታለሁ። ቃል ግን አልሰጥም። አንድ ጊዜ ሰጥቼ አይቸዋለሁ።»

ዝናቡን እያዩ ቀጠሉ። «ታላቋን፣ ስመኝን፣ ደላላ ወደ ዓረብ አገር ሲወስዳት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። 'ሃያ አምስት ይበሉ' አለኝ፤ አልሁ። 'የክርስቲያን ስም ቶሎ አያስኬድም፣ ሀዲያ እንበላት' አለኝ፤ እሽ አልሁ። ጎረቤቴ ሙሐሲን 'የኛን ስም በውሸት አታሸክማት፣ ሐራም ነው' ቢለኝ ሳቅሁበት። ሁለት ዓመት ደወለች። ከዚያ ስልኳ ጠፋ፤ ይኸው ሰባት ዓመት። ደሴ ወረድሁ፣ አዲስ አበባም ሄድሁ። በየቢሮው 'ስሟ ማን ነው?' ይሉኛል። ስመኝ ደሳለው እላለሁ። 'እንዲህ የምትባል ሰው ከአገር አልወጣችም' ይሉኛል። ሀዲያ የማን ልጅ ተብላ እንደሄደች ደግሞ አላውቅም። የአባቷን ስም የመረጠው ደላላው ነው። እናቷ ይህንኑ ስትጠይቅ አረፈች።»

አግዳሚው ላይ ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈርድብዎትም» አልኳቸው። «ይኸኛው ግን ሌላ መንገድ ነው። ውሉ ላይ ስሟ፣ ሙያዋ፣ ደመወዟና የምትሠራበት አድራሻ ተጽፏል።»

«ያኛውም ወረቀት ነበረው።»

«ያኛው ወረቀት ውሸት ነበር።»

«እነሱስ ሰው አልወለዱም? የኔን ልጅ ምን አስፈለጋቸው?»

«ወልደዋል፤ ግን ሽማግሌው በዝቶ ወጣቱ አነሰ። ያለውም ወጣት ከብረትና ከእሳት ጋር መዋል አልወደደም። ስለዚህ ሙያ ላለው የውጭ ሰው የሥራ ቪዛ ይሰጣሉ። ማን እንደሆነች አውቀው ነው የሚቀበሏት።»

«ለኛስ ማን ይበይድልን?»

በከተማችን በርና መስኮት የሚበይዱ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ በየደጃቸው ሥራ የሚጠብቁት ተመራቂዎቼ ግን ብዙ ናቸው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ እሷ ከሄደች እቤት የማናግረው ሰው የለኝም።»

ይህን እንኳ አውቀዋለሁ። ስንት ማታ በሬን ዘግቼ ሬድዮ የከፈትኩት ድምፅ ፈልጌ ነው።

«አልዋሽዎትም» አልኳቸው። «ብቸኝነቱ ለእርስዎም ለእሷም አይቀርም።»

ሐረግ ትናንት በምሥጢር የነገረችኝ ነገር ነበር። ልናገር ወይስ ልተው ብዬ አመነታሁ፤ በመጨረሻ የተማሪዬን አደራ በላሁ።

«እምቢ ቢሉም እኮ አትቀርም። አንድ ደላላ 'አባትሽ አያስፈልጉሽም፣ በሌላ ስም አወጣሻለሁ' ብሏታል። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ ሐሰት ስለመሰከሩ ዛሬ ከእውነቱ ይሸሻሉ። እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር ግን ደላላው ይናገርልዎታል።»

«በሌላ ስም?»

«በሌላ ስም፣ በሌላ አባት።»

በትራቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ሐረግ ከመዝጋቢዋ ከወይዘሮ የሻለም ጠረጴዛ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ልጃቸውን ሳያዩ ወደ መዝጋቢዋ ቀረቡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኋላ ድምጿ ቢጠፋብኝ፣ በዚህ ስም ነው የምጠይቃት?»

«በዚሁ ስም ነው፣ አባባ። ፓስፖርቷም ቪዛዋም ውሏም በዚሁ ነው የሚወጣው።»

«እንግዲያ ጻፊ። ሐረግ ደሳለው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የተወለደች በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ገብስ ስናጭድ ነው። አባቷ እኔ ነኝ።»

ሐረግ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸውን ራሷ ላይ አኑረው ብዙ ቆዩ።

እኔም እንደ አመሌ ለራሴ መከርኩ። በሙያው፣ በውልና በገዛ ስሙ የሄደ ሰው ቢበደል የሚከስበት አለው፤ ደመወዙ ቢቀር ውሉን ያሳያል፤ አገሩ ቢናፍቀው በመጣበት በር ይመለሳል። ቢጠፋም ፈላጊው የሚጠራበት ስም አለው። መናፈቁን ግን የሚያስቀር ቪዛ አላየሁም።

አያ ደሳለው አሻራቸውን ሰጥተው ጣታቸውን ከጠረጉ በኋላ አልወጡም።

«የታላቋንስ ትጽፊልኛለሽ?» አሉ።

«እሷ ሳትኖር አልችልም፣ አባባ» አለች የሻለም በሐዘን። «ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

«አትጻፊው። ቃሌን ስሚኝ ብቻ።»

የሻለም ብዕሯን አስቀመጠች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ስመኝ ደሳለው» አሉ። «ስትሄድ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ እኔ ነኝ።»