መስኮት ላይ የዋለ ማስታገሻ

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ አንጋፋ ሲስተር የሳምንቱን ማስታገሻ ሰኞ ጠዋት አሰናድተው የመጨረስ ልማድ ነበራቸው። ሁለት መድኃኒት በአንድ የግሉኮስ ከረጢት ያዋህዱና ፀሐይ እንዲያገኘው መስኮቱ ላይ ይደረድሩታል፤ ቀዝቃዛ ነገር በደም ሥር ሲገባ ሰው ያንዘፈዝፋል ባይ ናቸው። የዚያን ሳምንት ዝግጅት ደግሞ በተለየ ትጋት ነው የሠሩት፤ ዓርብ የገዛ ባላቸው የሐሞት ጠጠር ሊወጣላቸው ነው። ባልየው ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ ዘመድ ሰብስበው የሚናዘዙ ሰው ናቸው።

አዲሱ ፋርማሲስት በር ተሳስቶ ዘው አለ።

«ይቅርታ ሲስተር። እነዚህ ምን ሆነው ነው ፀሐይ የሚሞቁት?»

«ማስታገሻ ናቸው፣ ልጄ። የሚያፈዝ የለበትም። አንዱ ለትኩሳት፣ አንዱ ለእብጠት የምንሰጠው ነው፤ ሲረዳዱ ሕመሙን ይችሉታል።»

«መረዳዳታቸውስ ደግ ነበር። ግን ተቀላቅለው ስንት ቀን እንደሚቆዩ ማን ለካው?»

ሲስተሯ አንዱን ከረጢት ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉ። «እየው፣ ኩልል ያለ ነው።»

«ጉልበቱ ሲያልቅም ኩልል እንዳለ ሊቀር ይችላል። ለየብቻቸው ጨዋ የሆኑ መድኃኒቶች አብረው ሲያድሩ ይጣላሉ።»

«እኔና ባሌም እንጣላለን። ይኸው የልጅ ልጅ አየን።»

«እናንተን ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁ የለማ።»

ሲስተሯ ተቆጡ። «አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ስሰጥ አንድ ሰው አልሞተብኝም።»

«አይሞቱም፣ ያማቸዋል እንጂ። የሐሙስና የዓርብ በሽተኞችዎ እንዴት ናቸው?»

ሲስተሯ ያነሡትን ከረጢት ወደ መስኮቱ መለሱ። ሐሙስና ዓርብ የሚተኛ በሽተኛ ቅምጥል ነው እያሉ ኖረዋል፤ ለምን ቅምጥሉ ሁሉ በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚታመም ጠይቀው አያውቁም።

«ለባለቤትዎስ የትኛውን ይሰቅሉላቸዋል?» አለ ልጁ በትሕትና።

ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ከመስኮቱ ወረዱ።

«ምን ይሻላል ትላለህ?» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ውጤት እስክናገኝ ሁለቱን ለየብቻ፣ በሰዓቱ አዘጋጅተን እንስጥ። እኔ ቅልቅሉን ፍሪጅ ውስጥም፣ ጠረጴዛ ላይም አስቀምጬ የቀረውን ጉልበት በየጊዜው አስለካለሁ። ልኬቱ ከፈቀደ እናዋህዳለን፤ ሰዓቱ ያለፈበት ይወገዳል።»

እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሐሙሱም የዓርቡም በሽተኛ እንደ ሰኞው ቶሎ ተነሥቶ መራመድ ያዘ፤ ነርሶቹም ከሚያቃስት ሰው ጋር መሟገት ቀረላቸው። መድኃኒትን በዓይን ሳይሆን በልኬት የሚያምን ክፍል ትርፉ ይህ ነው።

በነገሩ ቅር የተሰኙት ባልየው ብቻ ናቸው። በዚያው ዓርብ ማታ፣ ጠጠሩ ከወጣላቸው በኋላ፣ ሆዳቸውን ቀስ ብለው እየዳሰሱ፣ «ጠያቂው ሁሉ በር ላይ ቆሟል፤ አሁን ምን ብዬ ላቃስት?» አሉ።