ጋሽ ሁለት ሰዓት ያልሰሙት ዜና

ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ በዚህች ሰዓት ከጎናችን ለመቆም የመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን። የዚህን ታላቅ ሰው ዜና ሕይወት የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ሙያው ጸጉር ማስተካከል እንጂ ንባብ አይደለም፤ ዛሬ የሚያነበው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ለአገር ሲያነቡ ስለኖሩ ሰው ነውና፣ ምላሱ ቢተሳሰርበት እንድትታገሡት ከወዲሁ ይለምናል። እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ "አትሩጥ፣ ማንም አያሳድድህም" ይሉት እንደነበር ያውቃል።

ሟች ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱ የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሥራ ላይ ሳሉ ከስፌት መኪናቸው ቀና ማለት ስለማይወዱ፣ ልጅየው ማንበብ ከቻሉበት ጊዜ ጀምሮ ጋዜጣ ጮክ ብሎ የማሰማቱ ሥራ በእሳቸው ላይ ወደቀ፤ መኪናው ሲፈጥን ድምፃቸውን ከፍ፣ ሲቆም ዝቅ እያደረጉ፣ አንድም ቃል ሳይውጡ ከፊት ገጽ እስከ ኋላ ገጽ ይዘልቁት ነበር። አንድ ቀን እናታቸው "የኔ ጌታ፣ ለመሆኑ ምን ይላል?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ ጭንቅላታቸውን እያከኩ ጋዜጣውን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ይገልጡ ጀመር። አባትየውም "ተይው እስቲ፣ የሚያነበው ለእኔ ነው እንጂ ለራሱ መቼ ሆነ!" ብለው እንደሳቁ በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው ለጥቂት ዓመታት በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ዜና አንባቢ ሲፈልግ ተወዳድረው ተቀጠሩ። በተቀጠሩ በዓመቱ፣ አንድ ድልድይ ተደርምሶ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበትን ዜና በማንበብ ላይ ሳሉ ድምፃቸው ተሰበረና ማይክሮፎኑ ፊት አለቀሱ። የክፍሉ ኃላፊ ከስቱዲዮው በር ላይ ጠብቀው፣ "አንተ መስማት ከጀመርክ አድማጩ ልቅሶህን እንጂ ዜናውን አይሰማም፤ ዓይንህ ያንሣ፣ አፍህ ያድርስ፣ አንተ መሐል አትግባ" ሲሉ መከሯቸው። ምክሩን እንደ መሐላ ያዙት። ከዚያች ቀን ወዲህ ጦርነትም ይሁን የኳስ ውጤት፣ የዋጋ ጭማሪም ይሁን የአየር ጠባይ፣ ሁሉም በዚያው በተረጋጋ ድምፅ ይወጣ ነበር፤ የስቱዲዮው ቀይ መብራት ሲጠፋ ግን ካነበቡት ውስጥ አንዲት ነገር ከእሳቸው ጋር አትቀርም። ለተተኪዎቻቸውም ያስተማሩት ይህንኑ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። ባለቤታቸው በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው የሚሠሩ፣ የተሳሳተ ፊደል እንደ ጥርስ ሕመም እንቅልፍ የሚነሣቸው ሰው ነበሩና፣ አንድ ምሽት ወደ ጣቢያው ደውለው "ሚሊዮኑን ቢሊዮን አድርገው አገሩን አበለጸጉት እኮ!" ብለው ተቆጡ። እሳቸውም "እኔ? መቼ? ምን ብዬ?" አሉ። የሚቀልዱ መስሏቸው ይበልጥ የተናደዱት ወይዘሪት፣ እውነትም እንደማያስታውሱት ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቅ በኋላ ለመጋባት ብዙ አልቆዩም። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ፤ ሴቷ የሒሳብ መምህርት፣ ወንዱ የአሳንሰር ጠጋኝ ናቸው።

የዚያን ቤት ልማድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው የምሽቱን የሁለት ሰዓት ዜና አንብበው ሲመለሱ፣ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ እያወለቁ "ዛሬ ምን አለ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ባለቤታቸውም ራት እያቀረቡ፣ ባልየው ከአንድ ሰዓት በፊት ለሚሊዮኖች ያነበቡትን ዜና ለራሳቸው ይነግሯቸዋል። ይገረማሉ፣ ይናደዳሉ፣ አንዳንዴም "ኧረ በስማም! ይሄ እንዴት ዝም ይባላል?" ይላሉ። ጎረቤት "ጋሽ ሁለት ሰዓት" የሚል ቅጽል ያወጣላቸው በዚህ የተነሣ ነው፤ እሳቸውም ቅጽሉን ከስማቸው አብልጠው ይወዱት ነበር። የጤና መድኑ መዋጮ በየዓመቱ ሽቅብ ሲወጣ የሰሙት ከባለቤታቸው አፍ ነው፤ ከየትኛው ወጪ ተቀንሶ እንደሚሞላ የሚያስቡትም፣ ቢሮ ሄደው ተሰልፈው ካርዱን የሚያሳድሱትም ባለቤታቸው ነበሩ።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ጣቢያው ድምፃቸውን ሊያጣ ስላልፈለገ በኮንትራት ማንበባቸውን ቀጠሉ። የጤና መድን ማሻሻያው ክርክር የተጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ረቂቁ ሲቀርብ፣ ሚኒስትሩ ማንም ሰው ከሐኪም ቤት ደጃፍ አይመለስም ብለው ሲምሉ፣ ተቃዋሚዎች ምክር ቤቱን ረግጠው ሲወጡ፣ የመድን ድርጅቶች መዋጮው ካልጨመረ እንዘጋለን ብለው ሲያስፈራሩ፣ አገሩ ሁሉን ነገር የሰማው ከእሳቸው ነው። ይህን በሚያነብላችሁ አማቻቸው ጸጉር ቤት ውስጥ ገሚሱ ደንበኛ "ሕጉ ድሀውን ሊያድን ነው" ሲል ገሚሱ "ዝም በል! ድሀውን ሊያልብ ነው እንጂ" እያለ፣ ጢማቸው በግማሽ ተላጭቶ ከወንበር የሚነሡ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ሁለት ሰዓት ግን ማን ያሸንፋል ተብለው ሲጠየቁ "እኔ ምን አውቄ፤ እቤት ስገባ ይነግሩኛል" ይሉና ሁሉንም ያስቁ ነበር።

ሕጉ ገና በክርክር ላይ እያለ ባለቤታቸው አጭር ሕመም ታመው አረፉ። ሐዘናቸው ጥልቅ ቢሆንም ሥራቸውን አላቋረጡም። ከልማድ የተነሣ፣ ከጣቢያው ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብለው "ዛሬ ምን አለ?" ይሉና፣ ቀና ሲሉ ሳሎኑ ባዶ መሆኑን ያያሉ። ይህን ለሴት ልጃቸው የነገሯት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ምሽት የመጣው። ምክር ቤቱ ሕጉን ያጸደቀው ሁለቱ ወገኖች በመጨረሻዋ ሰዓት ተደራድረው ሲሆን፣ በድርድሩ መሠረት ጡረተኞች ከነባሩ መድን ወጥተው በአዲሱና በናረው መዋጮ እንደገና እንዲመዘገቡ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ያልተመዘገበም መዝገቡ በዓመቱ እስኪከፈት ድረስ ያለ መድን እንዲቆይ ተወሰነ። ጋሽ ሁለት ሰዓት ይህን ዜና አነበቡት። ሴት ልጃቸው የተማሪ ፈተና እያረመች ሰማችው። ወንድ ልጃቸው አሳንሰር ሥር ተንበርክኮ ከስልኩ ሰማው። አማቻቸው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከነደንበኞቹ ሰማውና በማግሥቱ አሮጊት አክስቱን ይዞ ሄዶ አስመዘገበ። እዚህ ከቆምነው መካከልም በዚያ ድምፅ ተቀስቅሰን ወላጆቻችንን ያስመዘገብን ስንት ነን! ለእሳቸው የነገረ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ የነገሩን እሳቸው ናቸውና፣ ለነገረን ሰው መልሶ መንገር ለማናችን ይታሰባል?

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንደ ወትሮው ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ መጡ። አማቻቸው አንገታቸው ላይ ጨርቅ አስሮ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ውኃ መቆራረጥ፣ ጎረቤቱ ስለገዛው ጯሂ መኪና ሲያወሩ፣ ግድግዳው ላይ "ጡረተኞች ተመዝገቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላቸው ይታይ ነበር። መነጽራቸውን ለጸጉሩ ሲሉ አውልቀውታል። በጣም ደስ የሚል ቅዳሜ ነበር።

ወራት አልፈው ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸውና እግራቸው ሲያብጥ፣ ሐኪሙ አንደኛው የልባቸው በር መጥበቡን ነግሯቸው ቶሎ በቀዶ ሕክምና እንዲስተካከል አዘዘ። ከሴት ልጃቸው ጋር ወደ ሆስፒታሉ መስኮት ቀርበው ካርዳቸውን ሰጡ። የምትመዘግበው ወጣት ካርዱን በማሽን አስነብባ፣ መድኑ መዘጋቱን፣ መዝገቡ እስኪከፈት መጠበቅ ወይም ሙሉውን ከኪስ መክፈል እንዳለባቸው በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸውም "የኔ ልጅ፣ ስሕተት ይኖር ይሆናል፤ መቼ ተባለ ይሄ?" ብለው ጠየቁ። መዝጋቢዋ ድምፁን እንደሰማች ከወንበሯ ተነሣች። "ጋሼ! እርስዎ ጋሽ ሁለት ሰዓት አይደሉም እንዴ? እርስዎ ሲያነቡት ሰምቼ አይደል እናቴን ሮጬ ያስመዘገብኳት!" አለች፤ ልታመሰግናቸው ነበር። እሳቸው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "እኔ ነኝ ያነበብኩት?" አሉ። "አዎ፣ አባባ።" "ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?" ሴት ልጃቸው ካርዱን ከመስኮቱ አንሥታ ክንዳቸውን ያዘች። እኛ ቤተሰቦቻቸው ከዚያ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልወጣንም፤ የምንወጣም አይመስለንም።

በማግሥቱ ወደ ጣቢያው ሄደው ቴክኒሻኑን ቅጂውን እንዲያሰማቸው ጠየቁት። የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ "እንዴት አሳምሬ አንብቤዋለሁ!" ብቻ ብለው ማዳመጫውን መለሱ። በዚያው ምሽት ተራቸው ነበርና ገቡ። አራተኛው ዜና፣ የመዋጮው ጭማሪ በኅብረተሰቡ ዘንድ መልካም ተቀባይነት ማግኘቱን ሚኒስትሩ ገለጹ የሚል ነበር። "መልካም" ከሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጸጉር ቤት ውስጥ አንዱ "ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?" ቢል፣ አማቻቸው ምላጩን ከደንበኛው ጉንጭ አንሥቶ "ኧረ እሳቸው ናቸው!" አለ። በመጨረሻም "አድማጮቼ ይቅርታ፤ ይህን ዜና አሁን እየሰማሁት ነው" አሉና ቀጥለው እስከ አየር ጠባዩ አንብበው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ማይክሮፎን ፊት አልቀረቡም፤ ጣቢያው ዕረፍት ያስፈልግዎታል ሲል በመልካም ቃል አሰናበታቸው። በምክር ቤቱ አንዱ ወገን ሰውየው ተገዝተው ነው ሲል ሌላው የእኛ ጀግና ናቸው አለ፤ ሁለቱም ግን እሳቸው ስላሉበት ሁኔታ አልጠየቁም፤ ለጡረተኞች መዝገቡ እንዲከፈት የቀረበው ሐሳብም ለኮሚቴ ተመራ፣ ኮሚቴውም እየተመለከተው ነው ተባለ። ልጆቻቸው ያላቸውን ሸጠው፣ ጎረቤትና የጸጉር ቤቱ ደንበኛ ሁሉ ተረባርቦ፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆረጠ። በእነዚያ ሳምንታት ልጆቻቸው ማታ ማታ እየተፈራረቁ ዜናውን ይነግሯቸው ነበር፤ "ዛሬ ምን አለ?" ሲሉ ድምፃቸው ግን እያደር ሳሳ። ቀኑ ሳይደርስ ከትናንት በስቲያ ጧት፣ ወንድ ልጃቸው ሸሚዛቸውን ሲያለብሳቸው፣ ትራሳቸው ላይ ጋደም እንዳሉ አረፉ።

ትናንት ማታ በሁለት ሰዓት ዜና ዕረፍታቸውን ያነበበችው፣ በእሳቸው እጅ የሠለጠነች ወጣት ናት። "ለረጅም ዘመን" ከሚለው በኋላ ድምፏ ተሰበረ፤ ያስተማሯት አንድም ነገር አልታወሳትም። እኛም አብረናት አለቀስን፤ ዜናውንም አንዲት ቃል ሳትቀር ሰማን።

ጋሽ ሁለት ሰዓት ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ይህን ያነበበላችሁን አማቻቸውንና፣ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን የማያውቅ ስፍር ቁጥር የሌለው አድማጭ ትተው ሄደዋል። ከዚህ ስንመለስ፣ አደራ፣ ይህን መቼም ሰምቶታል ብለን ማንንም ዝም ብለን አንለፍ፤ ቢሰለቸንም እንንገረው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ካርድ በማይጠየቅበት፣ መዝገብም በማይዘጋበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም ይህን ድንጋጤ የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን። ባለቤታቸውም ደጃፍ ላይ ይቀበሏቸው፤ እሳቸው ጫማቸውን እያወለቁ "ዛሬ ምን አለ?" ብለው ሲጠይቁም፣ ትናንት ማታ የተነበበው ዜና የራሳቸው መሆኑን ቀስ ብለው ይንገሯቸው።