ከዳንቴሉ ሥር የነበረው ሣጥን

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሬሐና ኡዘይር ሐሰን
ዕድሜ፦ 41
የጋብቻ ሁኔታ፦ የፈታች
ሥራ፦ ሸቀጣ ሸቀጥ ንግድ
አድራሻ፦ ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቦታ፦ ሰበታ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ደቻሳ ቀጄላ
ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ 6 ቀን በወ/ሮ መብሩካ አብዱሰመድ ቤት ስለተሰበረው በርና ስለጠፋው የማንቂያ ሣጥን
(ምስክሯ ቃላቸውን በአማርኛ ለመስጠት በመፈለጋቸው በአማርኛ ተመዝግቧል።)

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። የመጣሁትም ከረቡዕ ጀምሮ እዚህ ታስረው ስለሚገኙት ስለ ኦቦ ገርባ ነው። ኦቦ ገርባ ከእናቴ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። የተያዙት የእናቴን በር በመጥረቢያ ሰብረው ሣጥን ሰርቀዋል፣ መንገድ ከዘጉት ጋርም ነበሩ ተብለው ነው። በሩን መስበራቸው እውነት ነው። ሣጥኑን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ለምን እንደወሰድኩት ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

እናቴ ወ/ሮ መብሩካ 68 ዓመቷ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሰበታ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ልጆቿ ሁለት ነን። ታናሼ ሚንሃ የምትኖረው ለገጣፎ ነው፤ ባሏ የህያ የካሜራና የማንቂያ ዕቃ አስመጪ ነው። የቤታቸው በር በስልክ ይከፈታል፣ መጋረጃው ሳይቀር በስልክ ይሳባል። እኔ ከሱቄ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል እኖራለሁ፤ የኔ በር የሚከፈተው በትከሻ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን የጦርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ በሚኒባስ ሰበታ እደርሳለሁ፣ ቁርሷን አበላታለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፣ ጉልበቷን አሻታለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ሱቄን እከፍታለሁ። ሰኞና ሐሙስ እዚያው አድር ነበር። ሚንሃ በወር አንድ እሁድ በመኪና ኬክ ይዛ ትመጣለች፤ ሰፈሩም ስለ ኬኩ ሳምንት ያወራል። ስለኔ ሾርባ ያወራ ሰው የለም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እኛ ሙስሊሞች ብንሆንም ተረቱ እኔንም ይመለከተኛል።

ባለፈው ጥቅምት ወር ሚንሃና የህያ ሣጥኑን አመጡ። ነጭ ነው፣ የግማሽ ዳቦ ያህላል፣ ሲም ካርድ ይገባበታል፣ መብራት ቢጠፋም በባትሪው መደወሉን አያቆምም። መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቀለ። እናቴ ከአልጋዋ ስትወርድ ወደ መታጠቢያ ቤቱ የሚወስደውን አምፖል ራሱ ያበራላታል። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን በሚንሃ ድምፅ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱ አጥር ተሻግሮ ይሰማል። እናቴ በአንገቷ የምታንጠለጥለው ቀይ ቁልፍም አለው። ቁልፉን ስትጫነው ሣጥኑ ለሦስት ሰው በየተራ ይደውላል፣ አንዱ ካነሳ ያቆማል። በተሰቀለ ዕለት ሲሞከር መጀመሪያ የሚንሃ ስልክ ጠራ፤ እየሳቀች ሳታነሳው ተወችው። ሁለተኛ ከአጥሩ ማዶ የኦቦ ገርባ ስልክ ጠራ። ሦስተኛ የኔ ጠራ። ሳነሳው ሣጥኑ ላይ የተቀዳው የሚንሃ ድምፅ «እማዬ ወድቃለች፣ ድረሱላት» አለኝ። ሦስተኛ ያደረግሽኝ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ኦቦ ገርባ ለቅርበት ነው፤ አንቺ በወያላው ጩኸት ስልክ አትሰሚም። ደግሞ ትንሽ ትረፊ እንጂ» አለችኝ። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ይበልጥ ያቃጠለኝም ልክነቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አፏን በከፈተች ቁጥር ሚንሃ ሆነ። አምፖሉ ሲበራ «ሚንሃ አበራችልኝ» ትላለች። ሣጥኑ ሲጮኽ «ሚንሃ ቀሰቀሰችኝ» ትላለች። እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ ጉልበቷን እያሸሁ ነው ይህን የምትለኝ። ሰኞና ሐሙስ ማደሬንም «ከእንግዲህ አትንገላቺ፣ ሣጥኑ አለ» ብላ አስቀረችው። ለቴሌቪዥኗ ብዬ ሦስት ወር የሠራሁትን ዳንቴል አንስታ አቧራ እንዳይነካው ብላ ሣጥኑን አለበሰችው። እዚህ ላይ ሳጅኑ «ቅሬታ አደረብዎት ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም፣ ቀናሁ ተብሎ ይጻፍልኝ። በእህቴ ቀናሁ፣ በጎረቤት ቀናሁ፣ ከሁሉም የሚያሳፍረው በፕላስቲክ ሣጥን ቀናሁ። እኔም እኮ ብቻዬን ነው የማድረው። እኔ ብወድቅ ለማን ይደወላል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 5 ቀን ከቀኑ 9፡30 ላይ ሱቄን ዘግቼ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ፊቷ ፈክቶ «እሁድ ሚንሃ መጥታ ሣጥኑን አሳመረችልኝ» አለችኝ። ምኑን አሳመረችው ብላት «ሲደርስ ታዪዋለሽ» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ምስጢር ነበራቸው። እኔ በየቀኑ እየመጣሁ፣ በወር አንዴ ከምትመጣው ጋር ምስጢር ነበራት። የዐስር ሶላት ልትሰግድ ስትቆም መኝታ ክፍል ገባሁ፣ ሣጥኑን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ ምሳ ዕቃ በማመላልስበት ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ፎጣ አለበስኩት። ዳንቴሉን ሚስማሩ ላይ መልሼ አንጠለጠልኩት፤ ሣጥኑ ያለ እንዲመስል ሆን ብዬ ያደረግኩት ነው። ሐሳቤ ለአንድ ጠዋት ብቻ ነበር። ነገ አምፖሉ አይበራም፣ ሣጥኑም አይጮኽም፣ እኔ 1 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ እናቴም «ሬሐና ባትመጪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትላለች ብዬ ነው። ይህችን ቃል ለመስማት ነው የወሰድኩት።

በማግሥቱ ረቡዕ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከኅዳር ጀምሮ ቡራዩም ሱሉልታም እኛም ዘንድ ሰላም አልነበረም፤ መንገድ ግን እስከዚያ ቀን ክፍት ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስኮቴን ስከፍት ወደ ሰበታ የሚሄዱ ሁለት ሚኒባሶች ሲያልፉ አይቻለሁ። 12፡30 ላይ ጎማ ተቃጠለ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ መንገዱ ተዘጋ። 12፡40 ላይ ለመሄድ ወጣሁ። በእግሬ ልሂድ ብዬ እስከ ድልድዩ ደርሼ ፖሊሶች መለሱኝ። እናቴ ስልክ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሳም። የኦቦ ገርባ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። እርሳቸው ላይ አልደወልኩም። ብደውል ገብተው ያያሉ፣ ሣጥኑ የት ሄደ ይባላል ብዬ ፈራሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ስልኩን በእጄ ይዤ ሳልደውል ቀረሁ። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ የምናገረው።

ቀጥሎ ያለውን ከእናቴና ከኦቦ ገርባ ባለቤት የሰማሁት ነው። እናቴ ከንጋቱ 11፡30 ላይ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ተነሳች። አምፖሉ አልበራላትም። መብራት የሄደ መስሏት በጨለማ ስትዳብስ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ወደቀች፤ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ስልኳ አልጋው ላይ ቀርቷል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የኦቦ ገርባ ባለቤት «ዛሬ የአዴ መብሩካ ሣጥን አልጮኸም» አለቻቸው። በየማለዳው በዚያ ጩኸት ነበር የሚነሱት። ኦቦ ገርባ በአጥሩ ላይ «አዴ መብሩካ፣ አካም ቡልተኒ?» ብለው እንዴት አደሩ ቢሉ መልስ የለም። አጥር ዘለው በሩን አንኳኩ፣ ሲቃ ሰሙ፣ የማገዶ መጥረቢያቸውን አምጥተው በሩን ሰበሩ። መኪና ስላልነበረ ፍራሽ አንጥፈው፣ በእጅ ጋሪ እየገፉ ጤና ጣቢያ አደረሷት። እርሳቸው ራሳቸው 57 ዓመታቸው ነው።

ሲመለሱ መጥረቢያው ጋሪው ላይ እንዳለ ፓትሮል ያዛቸው። በዚያ ቀን መጥረቢያ የያዘ ሰው ምን እንደሚመስል ለማንም ግልጽ ነው። የሆነውን ቢናገሩ ቤቱ ድረስ ይዘዋቸው ሄዱ፤ የተሰበረ በር፣ ባዶ ሚስማርና መሬት የወደቀ ዳንቴል ተገኘ። ሚንሃ በስልክ ስትጠየቅ ግድግዳው ላይ ከሌለ ተሰርቋል ብላ መለሰች። የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

መታሰራቸውን ረቡዕ ማታ ሰምቻለሁ። አምስት ቀን ዝም አልኩ። ዓርብ ዕለት ባለቤታቸው ሱቄ ድረስ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ሬሐና፣ አንቺ የቤቱ ልጅ ነሽ፣ አንቺን ይሰሙሻል። ገርባ ሌባ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ኪሎ ስኳር አስይዤ ሸኘኋት። ሣጥኑ በዚያን ሰዓት ከራሷ በላይ መደርደሪያው ላይ፣ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ነበር።

ትናንት እሁድ እናቴ የተኛችበት ሆስፒታል ሄድኩ። ጭብጧን ከፍታ ቀዩን ቁልፍ ሰጠችኝ። «ስጫነው፣ ስጫነው ነበር» አለች። ቆይታም «ገርባ የኔን ዕቃ አይሰርቅም። ሂጂና አስፈቺው» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ሣጥኑን ከነቁልፉ ይዤ ቀርቤያለሁ። ሳጅኑ ዕቃው ራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ይሞከር ስላሉ ባትሪውን መለስኩ። መጀመሪያ የምትጠራው ሚንሃ ነች፣ ቀጥሎ ኦቦ ገርባ፣ ስልካቸውም እናንተ ዘንድ ስላለ እዚሁ ይሰማል ብዬ ነገርኳቸውና ቁልፉን ተጫንኩት። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የራሴ ስልክ ጠራ። ሌላ ሰው የደወለ መስሎኝ ነበር። ሳጅኑ «ያንሱት» አሉኝ። የእናቴ ድምፅ ነው። «ሬሐና፣ ልጄ፣ ወድቄያለሁ፣ ነይልኝ። ከሰው ሁሉ አንቺ ቅደሚልኝ» ይላል። ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ለሚንሃ እዚሁ ሆኜ ደወልኩላት። «ከመውደቋ በፊት በነበረው እሁድ እማዬ ናት ያስለወጠችኝ» አለችኝ። «ሬሐና አኩርፋብኛለች፣ አንደኛ እሷ ትሁን፤ እንዳትነግሪያት፣ ሲደውልላት ትየው አለችኝ።» ሣጥኑ ተገኘ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ የወሰድኩት አልኳት። ስልኩንም ዘጋሁት።

እናቴ ቁልፉን መጫን የጀመረችው 11፡30 ላይ ነው። መንገዱ የተዘጋው 12፡30 ላይ ነው። ሣጥኑ ሚስማሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ለኔ ነበር የሚደውለው፣ እኔም 12 ሰዓት ላይ መስኮቴ ሥር ካለፉት ሚኒባሶች በአንዱ እደርስላት ነበር። ኦቦ ገርባ መጥረቢያ ባላነሱ፣ እዚህም ባላደሩ ነበር።

ይህ ቃል ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሰጠሁት ነው፤ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፣ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ኦቦ ገርባ ይፈቱ። ለሠራሁት የምጠየቀው እኔ ነኝ። እውነት ስለመሆኑም ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሬሐና ኡዘይር
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ደቻሳ ቀጄላ
በኤግዚቢትነት የተያዘ፦ ነጭ የማንቂያ ሣጥን 1፣ ባለ ማንጠልጠያ ቀይ ቁልፍ 1
የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ባትሪው ከመውጣቱ በፊት ምስክሯ ድምፁን አንድ ጊዜ ደግመው ለመስማት ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።