ጠበል የነካው ሦስተኛ ምዕራፍ

የመውጫ ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ የቤቱ ጫጫታ አላስጠና ስላለኝ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥቼ እንጦጦ ጫካ ገባሁ። ዘዴዬ አንድ ነው፤ ምዕራፉን በቀይና በሰማያዊ ማርከር አንድ ገጽ ላይ አሳጥሬ እጽፍና እየተንጎራደድኩ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን አራተኛው ነጥብ ሁሌ ይጠፋኛል። በንዴት ባሕር ዛፉን በጣቴ እየጠቆምኩ በእንግሊዝኛ ስጮህበት፣ ከጠበል የሚመለሱ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ያዩኛል።

"ልጄ፣ ሰው የለህም? ብቻህን ነው የለቀቁህ?"

"ፈተና ደርሶብኝ እያጠናሁ ነው፣ እማማ።"

"ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት" አሉና ጠበሉን በእፍኛቸው ቀድተው ረጩኝ። ወረቀቱም አብሮኝ ረጠበ፤ ቀለሙ ፈሶ የሚነበብ ቃል አልቀረም። ክው አልኩ።

"በል፣ አሁን ያለ ወረቀቱ ተናገር!" አሉኝ ቆጣ ብለው።

ከድንጋጤዬ የተነሣ አራተኛውን ነጥብ ጨምሮ አንድም ሳልስት በቃሌ አነበነብኩት።

"ይኸው ለቀቀህ!" ብለው ጀሪካናቸውን አንስተው ወረዱ።

አምስተኛው ምዕራፍም አልያዝ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ዛፍ ሥር ቆሜ መንገዱን እያየሁ ከትናንቱ ይበልጥ ጮህኩ። ለጥንቃቄ ግን ገጹን አስቀድሜ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ነበር።