ዘጠኝ ደቂቃ በአንድ እጅ

እንዴት ዋልሽ ዘሊካ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ዛሬ ከተማችን ገንዳ ውሃ ባሰባት እኮ፤ የባጃጁ ወንበር ላይ ተጣብቄ ልቀር ነበር። ዝናቡም ይመጣል ይመጣል እንደተባለ ቀረ… እናትሽ ደህና ናቸው? አይ፣ ለሰላምታ ብቻ አይደለም የመጣሁት፤ የደም ግፊቴን ለኪልኝ ብዬ ነው። ደረቴን የሆነ ነገር ጭንቅ አድርጎ ይዞኛል። ሕመም እንኳ አይመስለኝም፣ ወሬ ነው መሰለኝ። የኛ የመምህራን በሽታ መቼም አፍ ላይ ነው። በይ እጄን እንኪ። ቀኙን ነው ግራውን? ያሻሽን ውሰጂ፤ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ሥራ አያውቁም። ማዳመጫውንም ጆሮሽ ላይ ሰኪው፣ ደስ ይለኛል፤ እኔ ሰው ሳይሰማኝ ስናገር ነው የሚቀናኝ።

ትናንት ጀይሉ ጌም ቤት በር ላይ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «መምህር፣ ጌም በኮምፒውተር እየታገዙ በፍጥነት የሚጨርሱት ነገር እንዴት ነው የሚጀመረው?» አላልሽኝም? ምነው እኔን መጠየቅሽ? ኮምፒውተር ስለማስተምር ነው አይደል? እኔ ምን አውቄ! አንድ የሠራ ሰውዬ ግን አውቃለሁ። ስሙን ተዪው። እዚሁ ከተማ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ የጫማ ቁጥራችን እንኳ አንድ ነው። እሱ ያደረገውን ልንገርሽና አንቺ ተቃራኒውን አድርጊ፤ ጎበዝ ትሆኛለሽ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጌሙን ኮምፒውተር ላይ ትጭኚዋለሽ፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዷን ሰከንድ ስልሳ ሥዕል አድርጎ ይቆርጥልሻል። አንዷን ሥዕል ታቆሚያለሽ፣ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። ተሳሳትሽ? ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። የተጫንሽው ሁሉ ይመዘገባል፤ መጨረሻ ላይ ስታጫውቺው ያቺ የጌሙ ቀበሮ አንድም ሳትስት ከግንብ ግንብ ስትዘል ታያለሽ። ሰውየው ወደ ኋላ መመለሱን ነው የወደደው። በኑሮውማ ከየት ያገኘዋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ… የሱማ በረረች።

ጀማሪ አጭር ጌም ይምረጥ ይላሉ አዋቂዎቹ፤ በእጁ ደጋግሞ የጨረሰውን፣ ማዕዘኑን ሁሉ የሚያውቀውን። እሱ የመረጠው ያንን የቀበሮዋን ነው። ለምን ብትይ ጀይሉ ቤት ከፍሪጁ በላይ «ዘሊካ፣ 14 ደቂቃ ከ40» የሚል ጽሑፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ስለኖረ። ራሱማ በእጁ ሲጫወት ሦስተኛው ግንብ ላይ ነው የሚወድቀው። አንድ ቀን እንኳ ሦስተኛውን አልፎ አያውቅም! ተማሪዎቹ ቆመው ሲስቁ እንዴት ያቃጥል ነበር… ተማሪዎቹ አልኩ እንዴ? አስተማሪ አስተማሪ ይለዋል ማለቴ ነው፣ አነጋገሩ።

አትቸኩዪ ደግሞ። እሱ አልቸኮለም፤ በዚህስ አይታማም። ክረምቱን፣ ሽንፋ ወንዝ ሞልቶ፣ የመረሬው ጭቃ ባጃጅ ሲውጥ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ፣ ተቀምጦ ሠራ። ገና ጌሙ ሳይጀመር፣ ስም የሚመረጥበት ገጽ ላይ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶ ሁለት ሥዕል አተረፈ። ሁለት ሥዕል ማለት ዓይን ለማርገብገብ አትበቃም። ሮጦ ለሚስቱ ነገራት። «ጎሽ» አለችው ስርጉት፣ «በተረፈህ ጊዜ ውሃ ቅዳልኝ።» አዎ፣ የኔም ሚስት ስርጉት ናት። ስም ይገጥማል፣ ምን ይደረግ! አንቺ ግን ከእሱ ተማሪና የሠራሽውን በየቀኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪ፤ መብራት እየሄደ አራተኛው ግንብ ሦስት ጊዜ ጠፍቶበታል። ፕሮግራሙ ስንቴ ወደ ኋላ እንደተመለሰም ይቆጥርበታል። ሠላሳ አንድ ሺህ! ሠላሳ አንድ ሺህ ጊዜ ተሳስቶ አንዴ ሳይሳሳት የቀረ ሰው፣ ጎበዝ አይባልም ታዲያ?

ከሁሉ በፊት ግን የጌሙ ዓይነት ምን እንደሆነ አረጋግጪ፤ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። መስከረም ላይ ፋይሉን ይዞ፣ ሰው ሳይመጣ በጠዋት፣ ጀይሉ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው። ቀበሮዋ ተነሳች፣ ሮጠች፣ የመጀመሪያውን ግንብ በግንባሯ ገጨችው። ተነስታ መግጨት፣ ተነስታ መግጨት… ለካ እሱ ጌሙን የገዛው ከገላባት ገበያ ኖሯል፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ከሱዳን። የማዶው በሰከንድ ሃምሳ ሥዕል ነው የሚሄደው፣ የጀይሉ ስልሳ። አንዱ ላይ የተቆጠረ እርምጃ ሌላው ላይ አይገጥምም። እኛ መቼም ከማዶ የመጣ ሁሉ ኦሪጅናል ይመስለናል! «ይሠራል?» አለው ሻጩን፤ «ዋላሂ ይሠራል» አለው። ሻጩ አልዋሸም እኮ፣ ሠርቷል። የዋሸው ሌላ ነው።

ስትጨርሺ «በመሣሪያ ታግዞ የተሠራ» ብለሽ ትጽፊበታለሽ። ነውር የለውም፤ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፣ ሰው ሠርቶ ያሳያል፣ ሌላው ያርመዋል፣ አለቀ። እሱ ግን ክረምቱ በከንቱ ማለቁ ቆጨውና ጌሙ በራሱ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲጫወት በቪዲዮ ቀድቶ ፍላሽ ላይ ያዘው። አርብ ከጁምዓ በኋላ ጀይሉ ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ፍላሹን ሰካ፣ ወንበሩን ሳበ፣ መጫወቻውን ያዘ። የመጫወቻው ኬብል ጫፍ ጠረጴዛው ሥር ተንጠልጥሎ ነበር፣ የትም አልተሰካም። ጣቶቹን ያርመሰምሳል፣ ቪዲዮው ይሄዳል። አምስተኛው ግንብ ላይ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባበት… እና ረስቶት እጁን አነሳና ፊቱን ጠረገ። ቀበሮዋ ምን ቸገራት፣ መዝለሏን ቀጠለች። አበቃልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰዉ ምን አለ መሰለሽ? «በአንድ እጁ! ኧረ በአንድ እጁ!» ጀይሉማ ተሸክሞ ሊያዞረው ምንም አልቀረው። ቀለም አመጣና ከስምሽ በላይ «9 ደቂቃ ከ12፣ በአንድ እጅ» ብሎ ከሰውየው ስም ጋር ጻፈው። ሰውየውስ ምን አለ? «ኧረ ምንም አይደል» አለ፣ ትሑት ነው።

ምነው ማዳመጫውን ከጆሮሽ አወጣሽው? እኔ እኮ አትሰማኝም ብዬ ነው የምቀባጥረው!

በይ ከሰማሽ አይቀር ስሚኝ። እጅሽ ላይ ያለው ፋሻ ስንት ወር ሆነው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከኅዳር ጀምሮ ከሥራ በወጣሽ ቁጥር ጀይሉ ቤት ተቀምጠሽ አይሽ ነበር። 14 ከ20… 14 ከ5… 13 ከ58 ስትገቢ ሰዉ «ማሻ አላህ» ይልሻል፣ አንቺ ቀና ብለሽ ግድግዳውን ታያለሽ። እሱም እዚያው ጥግ ተቀምጦ ያጨበጭብልሻል! ባለፈው ሳምንት አብራሽ የምትሠራው ሲስተር አገኘሽ ነገረችኝ፤ «የሕፃን ደም ሥር ስትፈልግ እጇ ይዝልባታል፣ መርፌውን እኔ ተቀብዬ ነው የምወጋው» አለችኝ። ይህን ሲሰማ ሰውየው እህል አልወርድ አለኝ… አለው። አፈረ ዘሊካ። ተማሪ ሲስቅበት እንዲያ አላፈረም።

ዘጠኝ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት የሰው እጅ አይደለም። የማንም። ያንቺ እጅ ከማንም አላነሰም፤ ስድስት ወር ሙሉ ያሳደድሽው እኮ ሰው አልነበረም!

ኧረ ቀስ… ምነው ደጋግመሽ ነፋሽው? ክንዴ ተቆረጠ እኮ! እሺ ግድ የለም፣ ንፊው። ይገባዋል። ይገባኛል።

ጀይሉ ትናንት ማታ ለአረፋ ግድግዳውን ቀለም ቀባው። «የአንደኛውን ስም ብቻ መልሼ እጽፋለሁ፣ የቀረው ኸላስ» ብሎ ተነስቶ ነበር፤ ስምሽ ጠፍቶ ሊቀር ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ሰውየው ሄዶ ሁሉንም ነገረው፣ ኬብሉንም ጭምር። ጀይሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁን አቆመ፣ ቀጥሎ ብሩሹን ሰጠው። ሰውየው ከላይ «ዘሊካ፣ 13 ደቂቃ ከ58፣ በእጇ» ብሎ ጻፈ። ከሥር የራሱን ስም፣ አጠገቡ ደግሞ «በመሣሪያ ታግዞ፣ 31 ሺህ ጊዜ ተሳስቶ።» ጽሑፉ ተጣሟል። ምን ያድርግ? ቀለም ወደ ኋላ አይመለስ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ የለ፤ የሱ ከጀይሉ ፍሪጅ በላይ ውሏል።

ግፊቴ ስንት አለ? ተዪው፣ አትንገሪኝ፤ ፊትሽ ላይ አንብቤዋለሁ። መማሩ ከልብሽ ከሆነ ግን እጅሽ እስኪድን ኮምፒውተሬን አመጣልሻለሁ። አንድ ሥዕል፣ አንድ ቁልፍ ነው፤ ቸኩሎ የሚጎዳ ጅማት የለም። አጭር ጌም እንመርጣለን፣ ከገላባት ያልመጣ።

እስቲ ለዚያ ሰውዬም እንመርቅለት፤ ጨዋ ሰው ነው ብዬሻለሁ። እግዜር ዕድሜ ይስጠው፣ አላህም ይጨምርለት። ስሙ ከዚያ ግድግዳ ላይ አይጥፋ። ከሽንፋም ከገለጉም ከተማ ዝናውን የሰማ ሁሉ ይምጣለት፣ ቤቱ ይሙላለት። የክብር ወንበሩን ጀይሉ ይሳብለት፣ ተማሪዎቹ ግራና ቀኙን ይክበቡት። እጅሽን ፈጣሪ ይማርልሽና አንቺ ኬብሉን በደንብ ሰክተሽ መጫወቻውን በክብር አቀብዪው። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ «መምህር፣ እስቲ ሦስተኛውን ግንብ በእጅዎ ያሳዩን» ይበለው።

አሜን በይ እንጂ ዘሊካ!