አንድ ዙር ብቻ፣ ሰርካዲስ

ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጡት። ዛሬ በሰርካዲስ ሽኝት ላይ ቆሜ የምናገረው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ጉልበቴ እስከዚያ ከቻለ ማለቴ ነው።

ሰርካዲስ ወደዚህ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣች ቀን በር ላይ ያገኘችው እኔን ነው። ያኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ። ለአገሯ ለኩታበር ብርድ የተሠራ ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ በኮምቦልቻ ፀሐይ ላቧ እየወረደ ከፊቴ ቆመች።

«ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አልኳት።

«ኳስ።»

«ለልጅሽ ከሆነ ገበያ ሂጂ፣ የላስቲክ አለልሽ። እዚህ ያለው የመንግሥት ነው።»

«የመንግሥቱን ነው የምፈልገው። የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ነኝ።»

«የሴቶች ቡድን አለን እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አላችሁ» አለችኝ።

ወላሂ፣ የዚያን ቀን ካለቃዬ እኩል ፈራኋት። ካለኝ ኳስ ሁሉ ደህናውን መርጬ ሰጠኋት። ተቀብላ በሁለት እጇ ጫን ጫን አደረገችውና፣ «ጋሽ ሙንዚር፣ ይሄ የመንግሥት ኳስ ነው ወይስ የመንግሥት ትራስ?» አለች። ስሜን ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ኳሱን ግን እያለከለኩ ነፋሁ።

ሳቁ እንጂ፤ እናንተንም ስታስለከልክ አይቻለሁ። «አንድ ዙር ብቻ!» የምትለውን ያልሰማ እዚህ ቤት አለ? የሰርኬ አንድ ዙር አንድ ሆኖ አያውቅም። ልጆቹ ሲጨርሱ «ጎሽ! አሁን ደግሞ አንድ ዙር ብቻ» ትላለች። ደሴ ለጨዋታ ስትወስዳቸው ሚኒባሱን ሐረጎ ዳገት ላይ አስቁማ፣ «ውረዱ፣ እግራችሁን አፍታቱ» አለቻቸው። ሹፌሩ ወርቄ «ልጠብቃቸው?» ቢላት፣ «አንተ ቀድመህ ሂድ፣ እነሱ ይደርሱብሃል» አለችው። እኔም እዚያው መኪና ውስጥ ነበርኩ። «ጋሽ ሙንዚር፣ እርስዎም ቢወርዱ አይከፋም» አለችኝ። የተኛሁ መሰልኩ።

ያችን ፊሽካዋንስ? ጸሐፊያችን የኔነሽ ስትዳር ሰርኬ ከሙሽራዋ ወገን ሆና በር ይዛለች። ሚዜዎቹ «አናስገባም» የሚለውን ዘፈን ሳያስጨርሱ ገፍተው ሊገቡ ሲሉ ፊሽካውን ነፋችው! ሰርገኛው ሁሉ ባለበት ደረቀ። «ፋውል! ክንድ አለበት! ወደ ኋላ!» አለች። የኔነሽ እዚያ ጋ አለች፣ ጠይቋት፤ ሙሽራው ራሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሷል።

እሺ፣ አሁን ወደ ፈትሂያ ልምጣ። ፈትሂያ፣ አትደበቂ። ይቺ ልጅ የሐርቡ ልጅ ናት። አባቷ ጓሮ ወንድሟ ከዛፍ ላይ ፓፓያ ሲጥል መሬት ሳይነካ የምትቀልበው እሷ ነበረች። ሰርኬ አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ አይታ ቆመች፤ ፓፓያ ልትገዛ የቆመች መስሏቸው ነበር። ሁለት ዓመት አሠለጠነቻት። ከዚያ ከአዲስ አበባ ጥሪ መጣ፦ ፈትሂያ ለወጣት ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ ሆና ተመርጣለች!

አባቷ ዘይኑልአቢዲን እንቢ አለ። «ከቤቷ ውጭ አድራ የማታውቅ ልጅ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አለ። ሰርኬ ቢሮ መጥታ ቁጭ አለች፤ ሹራቧን አውልቃ አታውቅም፣ የዚያን ቀን አወለቀች። «ጋሽ ሙንዚር፣ እናንተ አገር ለማይታወቅ ሰው ልጅ የሚሰጠው እንዴት ነው?»

«በሽማግሌ ነዋ» አልኳት።

«እንግዲያው ሽማግሌ እንላካ!»

እኔና መሪጌታ አግማስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተላክን። እሷ ደጅ ዛፍ ሥር ቀረች። በሥርዓቱ በሩ ላይ ቆምን። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ተባልን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። እስከዚህ ደህና ነው። ግን አግማስ የአገሩን ልጅ ሁሉ ሲያጋባ የኖረ ሰው ነው፤ አፉ መንገዱን ለምዷል። «ፈትሂያን ለልጃችን ስጡን። ልጁ አመለ ሸጋ ነው፣ ቤተሰቡም የታወቀ ጨዋ ነው...» ብሎ ቀጠለ። በክርኔ ብጎስመው ጭራሽ «የሚያርሰው በሬም አለው» አለ።

የዘይኑ ፊት ተለዋወጠ። «ልጄ ገና ተማሪ ናት! ማነው ባልየው?»

አግማስ ያን ጊዜ ባነነ፤ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ደንግጬ፣ «ወንድ የለም ጌታው። ሃያ ሴቶች ናቸው» አልኩ።

«ያረቢ! ሃያ?» አለች እናቷ ሐዋ ከጓዳ።

ፈትሂያ ከመጋረጃው ኋላ ሳቋን መቻል አቃታት። ነገሩን ስናስረዳው ዘይኑ ተነፈሰ። «ኳስ ብቻ ነው?» አለ። ባል መጣ ብሎ ለደነገጠ አባት ኳስ ቀለለው። ግን ዋናውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቀ፦ «የምትወስዷት እናንተ ናችሁ። የሚመልሳትስ ማነው?»

መልሱ ከደጅ መጣ።

«እኔ» አለች ሰርካዲስ። «ከዚህ ደጃፍ በእጄ እወስዳታለሁ፤ በእጄ እዚሁ ደጃፍ እመልሳታለሁ።»

«በአላህ?»

«በአላህም በማርያምም።»

«ተቀመጡ» አለን ዘይኑ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሬዲዮ ሰምታችኋል። ቡድኑ ከማጣሪያው ወደቀ፤ የኛ ልጅ ግን አንድ ፍጹም ቅጣት ምት እንደ ፓፓያ ቀለበች። ልጅቷም ሰርኬም አብረው ተመለሱ። ያኔ እኔ በጣም ገርሞኝ ነበር። ሰርኬ ብሔራዊ ቡድን ማሠልጠን እንደምትመኝ እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። «አዲስ አበባ አልያዙሽም እንዴ?» ስላት፣ «ውሃው አልተስማማኝም» አለችኝ። እኔም አመንኳት። እንዲያውም ለዓመታት «የኩታበር ሆድ» እያልኩ ስቀልድባት ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላረመችኝም።

እውነቱን የሰማሁት በዚህ ሳምንት ከፈትሂያ ነው። ሰርኬ፣ አታኩርፊባት፤ የተናገረችው እያለቀሰች ነው። ለካ ጨዋታው እንዳለቀ «ረዳት አሰልጣኝ ሁኚ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ጀምሪ፣ ልጅቷን አውቶቡስ ላይ አሳፍሪያት» ብለዋት ነበር። «አድርሻት ልመለስ» አለች። «ቦታው አይጠብቅም» አሏት። በማግስቱ ሁለቱም አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ሐርቡ መጡ። ፈትሂያ «ለኔ ብለሽ ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ «ቃል ሰጥቻለሁ፤ አሁን እግርሽን አፍታቺ» አለቻት። ዘይኑ ደጁ ላይ ልጁን ሲያቅፍ፣ ያችን ሴት ምን እንዳስከፈላት አላወቀም። እኛም አላወቅንም።

ሰርኬ፣ ስለ ውሃው ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታ ለዚህ ታንሳለች። አመሰግንሻለሁ እላለሁ። ይሄን ከተማ ሁለት ጊዜ መርጠሽዋል፤ አንዴ በሹራብ ስትመጪ፣ አንዴ ደግሞ የተመኘሽውን ትተሽ ስትመለሺ። የኮምቦልቻ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ያለ ሽማግሌ ወደ ሜዳ መላክ የጀመሩት «የምትመልስ ሴት አለች» ስለተባለ ነው።

አሁን የቆምኩበትን ምክንያት ልናገር። ፊሽካውንም አሰልጣኝነቱንም ከሰኞ ጀምሮ ፈትሂያ ትረከባለች። «ብቻዬን ከበደኝ» ብላለች። አንቺ ደግሞ «ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ ሜዳ ላይ አትፈልጉኝ» ብለሻል አሉ። ስለዚህ ሽማግሌ ሆነን መጥተናል። ዘይኑ፣ ና አጠገቤ ቁም። የአግማስ ቦታ ባዶ ነው፤ አንተ ሙላው።

ሰርካዲስን ለልጆቻችን ስጡን ብለን እንጠይቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመስመሩ ዳር ወንበር ይወጣልሻል። አትሮጪም፤ ትቀመጫለሽ፣ ትቆጪያለሽ፣ ያ ይበቃል። «ማን ይወስደኛል፣ ማን ይመልሰኛል?» ብትዪ፣ ዘይኑ ባጃጅ ገዝቷል። መልሱን እሱ ራሱ ይስጥሽ።

«ከደጃፍሽ እወስድሻለሁ፤ ደጃፍሽ እመልስሻለሁ። በአላህም በማርያምም!»

ሰማችሁት? በሉ፣ ብርዝም የያዛችሁ፣ ለስላሳም የያዛችሁ፣ ብርጭቆ አንሱ። ለሰርካዲስ! ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ ያሳደግሻቸው ልጆች ደጅሽን አይርሱት፣ ዕድሜሽ እንደ ሐረጎ ዳገት ይርዘም፤ እዚያ ከሚኒባስ ያወረድሻቸው ሁሉ ዛሬ አሜንም አሚንም ይበሉልሽ።

የምንለምንሽ አንድ ዙር ብቻ ነው፣ ሰርኬ። አትሳቂ፤ ከማን እንደተማርነው ታውቂያለሽ። እንግዲህ «ተቀመጡ» በይን፤ ሁለት ሽማግሌ ቆመናል።